ፖፖው በመስታወት ውስጥ

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ተቀመጡ። ከመቀመጣችሁ በፊት ግን ወንበሩን በጣታችሁ ጫን አድርጉት። አትሳቁ፤ የምነግራችሁ ቤት ውስጥ ዝም ብሎ መቀመጥ ሱሪ ያበላሻል። እዚያ ቤት ትራስ የመሰለ ሁሉ ትራስ፣ ጫማ የመሰለም ሁሉ ጫማ አልነበረም። ተመቻችሁ? እሺ፣ እንግዲህ ስሙኝ።

ቀጮ አፍንጫዋን ከትልቁ ኬክ ቤት መስታወት ጋር አጣብቃ ቆማለች። ትንፋሿ መስታወቱን ያደበዝዘዋል፤ በእጅጌዋ ትወለውለዋለች፤ ተመልሶ ይደበዝዛል። ከመስታወቱ ወዲያ፣ ጠርዙ ወርቃማ የሆነ ሳህን ላይ፣ አንድ አሮጌ የሥራ ቦት ጫማ ተቀምጧል። ተረከዙ ላይ ጭቃ ደርቆበታል። ክሩ ተፈቷል። አውራ ጣት የሚገፋው ቦታ ላይ ቆዳው ተልጦ ነጥቷል።

«ኬክ ነው እኮ!» አለች ከጎኗ የቆመች ሴት ባሏን እየጎተተች። «ጭቃው ቸኮሌት ነው!»

«እኔስ ከምበላው ባደርገው ይሻለኛል» አለ ባልየው።

ሰዉ ሳቀ። ቀጮ ግን አልሳቀችም። ጫማውን ታውቀዋለች። የጎረቤታቸው የጡረተኛው ሾፌር ጫማ ነው። ባለፈው ሳምንት አክስቷ በር ላይ ወልቆ አየችውና «አቤት ግርማው! ይኼንን ነበር መጋገር» አለች። በማግስቱ ግን «ተዪው፣ አልያዘልኝም» ብላ ነገሩን ዘጋችው። ይህን ወሬ ከአክስቷና ከቀጮ ሌላ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። የነገረቻት ራሷ ቀጮ ናት። ጉንጬ ናታ! ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ አብራት የምትቀመጠው ጉንጬ።

የቀጮ አክስት ኬክ ጋጋሪ ናት። ቀጮ ከትንሽነቷ ጀምሮ ያደገችው እሷ ዘንድ ነው። አክስቷ ታዲያ እንደ ሌላው ክብ ኬክ ጋግራ፣ አበባ ጣል አድርጋበት የምታርፍ አይደለችም። እሷ የምትጋግረው ካውያ ነው። የተጣጠፈ ሸሚዝ ነው። ግማሹ የነደደ ሻማ፣ የተሸረፈ ጡብ፣ ባልንጀራው የጠፋበት ካልሲ ነው። ስኳሩን እንደ ሊጥ ትዳምጠዋለች፤ በቀጭን ብሩሽ ዝገት ትቀባዋለች፤ ከዚያ በኋላ እውነተኛውን አጠገቡ ብታስቀምጡት የወለደችው እናቱም አትለየውም።

ጉዱ ያለው ኑሮው ላይ ነው። ሾፌሩ አንድ ቀን ሊጠይቃቸው ገብቶ ትራሱን ደገፍ ቢል ጀርባው በክሬም ተለወሰ። አክስትየዋ ራሷ አንድ ጠዋት ቀሚስ ልትተኩስ ካውያ አንስታ ገመዱን ወደ ሶኬት ስትስብ ገመዱ እጇ ላይ ተሰበረ፤ የስኳር ገመድ ነበር። ቀጮ ደግሞ፣ ገና ትንሽ ልጅ ሳለች፣ እንግዳ በሞላበት ቀን ከመታጠቢያው አጠገብ የነበረውን ሳሙና «ይኼንን አውቄብሻለሁ አክስቴ!» ብላ ገመጠችው። እውነተኛ ሳሙና ነበር። አረፋው በአፍንጫዋ ሲወጣ እንግዶቹ በሳቅ ሲንፈራፈሩ ያየችውን እስከ ዛሬ አልረሳችም።

በዚያው ቀን የቤቱ ደንብ ወጣ፦ ሳትወጋ አትንካ። በየክፍሉ ስቴኪኒ የሞላ ብርጭቆ ተቀመጠ። ጥርስ ለመጎርጎር አይደለም። ማንም ሰው ማንኛውንም ዕቃ ከማንሳቱ በፊት ጠቅ ያደርገዋል፤ ስቴኪኒው ከገባ ኬክ ነው፣ ካልገባ ዕቃ ነው። አክስቷም የጨረሰችውን ኬክ ሁሉ ከሥሩ፣ በግራ በኩል፣ አንዴ ትወጋውና ቀዳዳዋን የሰሊጥ ፍሬ በምታክል ነጭ ስኳር ትደፍናታለች። ለምን ስትባል «ልማድ ነዋ፣ ፊርማዬ ነው በሉት» ትላለች።

ቀጮን ግን ነገሩ ተጠናወታት። ስቴኪኒ ከኪሷ አይጠፋም። ትምህርት ቤት ጉንጬ ዳቦዋን ለሁለት ቆርሳ ስትሰጣት እንኳ ሳትወጋ አትጎርስም።

«አንቺ ልጅ፣ ዳቦ እኮ ነው!» ትላለች ጉንጬ።

«ዳቦ የመሰለ» ትላለች ቀጮ።

ቀስ በቀስ ልማዱ ከዕቃ ወደ ሰው ተሻገረ። ያን ቀን ከመስታወቱ ፊት ቆማ፣ በልቧ ጉንጬን ትወጋት ጀመር። ጉንጬ ቤቷ ስትሄድ በዚህ ኬክ ቤት በር አይደል የምታልፈው? አስተናጋጇስ ለምን በስሟ ትጠራታለች? ሰሞኑን ደግሞ ያለወትሮዋ ታፏጫለች። ሰው ዝም ብሎ ያፏጫል?

ቤት ደርሳ ለአክስቷ ነገረቻት። አክስቷ ስኳር እየዳመጠች ነበር፤ መዳመጫው ለአፍታ ቆመ።

«ጫማውን ሠርተውታል! ክሩ ሳይቀር! ሐሳብሽን ሰርቀውሻል አክስቴ!»

«ሐሳብ የማን ነው? ሐሳብ እንደ ንፋስ ነው፣ በየቤቱ ይገባል» አለች አክስቷ፣ ፊቷን ወደ ምድጃው አዙራ። «ተዪው ልጄ። ይልቅ እንቁላሉን አቀብዪኝ።»

ቀጮ የአክስቷን ጀርባ አየች። ትከሻዋ ወረድ ብሏል። ‹ከፍቷት ነው› አለች በልቧ። ‹ከፍቷት ነው የማትናገረው። እንግዲህ እኔ አለሁላት።›

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቀጮ የጉንጬን ክንድ ያዝ አደረገች። «አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ግን ሞተሽ እንዳትናገሪ።»

«በናቴ! ምንድን ነው?»

«አክስቴ አዲስ ኬክ አስባለች።» ቀጮ ድምጿን ዝቅ አደረገች። ሌሊቱን ሙሉ ስታውጠነጥን ያደረችው ውሸት ነው፤ ማንም ጤነኛ ጋጋሪ በራሱ ጊዜ የማያስበው ነገር መሆን ነበረበት። «ፖፖ።»

ጉንጬ ባለችበት ቀጥ አለች። «ፖፖ? የሕፃን ፖፖ?»

«ሰማያዊ። ጠርዙ የተፋቀ፣ ዳክዬ የተሳለበት።»

«እና ውስጡ…» ጉንጬ ጉንጮቿ ተነፉ። «ውስጡ ባዶ ነው?»

ከዚያ በኋላ መንገድ ዳር በሳቅ ቁጭ አለች። ቦርሳዋን አቅፋ ሳቀች፣ እንባዋ እስኪወርድ። ቀጮም ልትስቅ ምንም አልቀራትም ነበር፤ ግን ሳቋን ዋጠችው። ወጥመድ የሚያጠምድ ሰው አይስቅም።

በሚቀጥለው ቀን ጉንጬ ቀጮን ተከትላ ቤት መጣች። ቀጮ ዱቄት ግዢ ተብላ ብቅ ብላ ስትመለስ አክስቷና ጉንጬ ጠረጴዛውን ተደግፈው ይንከተከታሉ። ሲያይዋት ሁለቱም ዝም አሉ።

«ምን ያስቃችኋል?»

«ምንም» አለች አክስቷ፣ ዓይኗን በሽርጧ ጫፍ እየጠረገች። «የሥራ ወሬ ነው።»

ቀጮ ያንንም በልቧ ያዘች። ‹እዩዋት፣ ደግሞ አክስቴን ታስቃለች። ሌባ ሁሉ መጀመሪያ ያስቃል።›

ሳምንቱ ሳያልቅ በትልቁ ኬክ ቤት በር ላይ መንገድ የሚዘጋ ሰው ተሰበሰበ። ቀጮ በሰው ብብት ሥር ሹልክ ብላ ገባች። ጠርዙ ወርቃማ የሆነው ሳህን ላይ፣ ነጭ ዳንቴል ተነጥፎለት፣ መብራት ከላይ በርቶለት፣ እንደ ንጉሥ ዘውድ የተከበረ ሰማያዊ ፖፖ ተቀምጧል። ጠርዙ ተፍቋል። ዳክዬዋ አንድ ዓይኗ ጠፍቷል። የኬክ ቤቱ ባለቤት፣ ሰፈሩ «ባለክራቫቱ» የሚለው፣ በር ላይ ቆሞ እጁን ያፋትጋል።

በማግስቱ ጠዋት፣ መምህሩ ከመግባቱ በፊት፣ ቀጮ ክፍሉ መሀል ቆመች።

«ጉንጬ፣ እስቲ ለሁሉም ንገሪ። ስንት ቁራሽ ኬክ አበሉሽ?»

«የምን ኬክ?»

«ነቅቼብሻለሁ እኮ! ፖፖውን ከአንቺ በቀር ለማንም አልነገርኩም። ፖፖ የሚባል ኬክ አልነበረም! እኔ ነኝ የፈጠርኩት፣ አንቺን ለመያዝ!»

ጉንጬ ፊቷ መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ ገረጣ። «እኔ ለማንም አልተናገርኩም። አክስትሽን ብቻ ‹ፖፖው የት ደረሰ?› ብዬ ጠየቅኳት። እሷም ሳቀች። በቃ!»

«ጭራሽ አክስቴ ላይ ልታላክኪ? የገዛ ኬኳን ሰርቃ ሸጠችው ነው የምትይው?»

«ፖፖ!» አለ አንዱ ከኋላ። «ወሬ አመላላሽ ፖፖ!» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ያን ጊዜ ስሙ ተለጠፈባት፤ እንዲህ ያለ ስም ደግሞ በሳሙናም አይለቅም።

ጉንጬ አላለቀሰችም። ቦርሳዋን ከፈተች፣ የዕለቱን ዳቦ አወጣች፣ እንደ ወትሮው ለሁለት ቆረሰችና ግማሹን ቀጮ ፊት አስቀመጠችው።

«ውጊውና ብዪው» አለች። ከዚያ ቦርሳዋን አንስታ የመጨረሻው ወንበር ላይ ሄዳ ተቀመጠች።

ዳቦው እስከ ማታ እዚያው ዋለ። ሳይወጋም፣ ሳይበላም።

ቀጮ ከሰዓት በኋላ ወደ መስታወቱ ሄደች። ድሏን ልታይ ነው የሄደችው። ውስጥ አንድ ባልና ሚስት ፖፖውን እየገዙ ነበር። ልጃቸው ዳይፐር የተወበትን ቀን ሊያከብሩ ነው አሉ፤ ልጁ ግን ፖፖውን ሲያይ ሱሪውን ለመፍታት ይታገላል፣ አባትየው ይከለክለዋል። አስተናጋጇ በነጭ ጓንት ኬኩን ከፍ አድርጋ ወደ ሳጥኑ ስታዘነብለው ሥሩ ወደ መስታወቱ ዞረ።

በግራ በኩል አንዲት ነጭ ነጥብ አለች። የሰሊጥ ፍሬ የምታክል።

ቀጮ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አሳረፈች። ሐሳብ ይሰረቃል። ፊርማ ግን አይሰረቅም፤ ኬክም በእግሩ ተነሥቶ አይሄድም። «ምንም» ያለችው የአክስቷ ድምፅ መጣባት። «አልያዘልኝም» ያለችውም። ከዚያ የጉንጬ፦ «እሷም ሳቀች። በቃ!»

በሩጫ ቤት ስትደርስ የጓሮው በር ላይ መኪና ቆሟል። ባለክራቫቱ ነጭ ሳጥን አቅፎ እየወጣ ነው። ቀጮን ሲያይ ክራቫቱን አስተካከለ፣ «እንደተባባልነው እንግዲህ» ብሎ ወደ ውስጥ ተናገረና መኪናው ውስጥ ገባ።

አክስቷ ጠረጴዛው ላይ የተበተነ የስኳር ዱቄት ትጠርጋለች። ቀና አላለችም።

«ፖፖውን አንቺ ነሽ የሠራሽው» አለች ቀጮ።

«እኔ ነኝ።»

«ጫማውንም።»

«እሱንም።»

«ለምን ዋሸሽኝ?»

አክስቷ ጨርቁን አስቀመጠችና በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች፤ ከልማድ ብዛት መጀመሪያ ወጋ አደረገችው። «እዚህ ጓሮ ስሸጠው ምን ይሉኛል መሰለሽ? ‹ይቺ ሴትዮ ጫማ ልታበላን ነው?› ይላሉ። ያው ጫማ መስታወት ውስጥ ሲገባ ‹አቤት ጥበብ!› ይሆናል። ባለክራቫቱ ‹ሁሉንም እወስድልሻለሁ፣ ግን ማን እንደሠራው ማንም አይወቅ› አለኝ። ሰዉ የእሱ ቤት ሥራ ነው ብሎ ነው የሚጎርፈው። ከታወቀ ሥራዬ ያከትማል።» ድምጿ አነሰ። «ላንቺ ያልነገርኩሽ አፍሬ ነው ልጄ። ‹አክስቴን ማንም አያክላት› ስትዪ ትውያለሽ። ታዲያ እንዴት ብዬ ልንገርሽ?»

ቀጮ ከጠረጴዛው ላይ ስቴኪኒ አንስታ በጣቶቿ መሀል አሽከረከረችው። «እኔ ጉንጬን ክፍል ፊት ሌባ ብያታለሁ።»

አክስቷ አፏን በእጇ ያዘች። «ያቺን ልጅ? ውይ በሞትኩት! ምን አደረግሽኝ?» እጇን በሽርጧ ጠረገች። «በቃ፣ ‹ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ› በያት።»

«‹ታዲያ ማን ነው?› ብትለኝስ? ደግሞ ልዋሻት?»

ምድጃው ውስጥ አንድ ነገር ተንጣጣ፤ ሁለቱም አላዩትም።

«ለአንድ ሰው ብቻ እነግራለሁ» አለች ቀጮ።

«ለማን? ወሬ አወጣች ብለሽ ላዋረድሻት?»

«ለእሷ።»

አክስቷ ረጅም ጊዜ አየቻት፤ ቀጮ በሕይወቷ እንደዚያ ታይታ አታውቅም። አክስቷ በመጨረሻ ጨርቁን አነሣችና መጥረግ ጀመረች። «ፖፖውስ ቢሆን የሰማሁት ከእሷ ነው፣ ግማሹ የሷ ነው» አለች። «ዳክዬዋን አንድ ዓይና አድርጊያት ያለችኝ እሷ ናት። ሂጂ።»

የጉንጬ እናት ላውንደሪ አላት። በሩን ስትከፍቱ እንፋሎቱ ፊታችሁን ይስማችኋል። ቀጮ ስትገባ እናትየዋ ልብስ እየጠቀለለች ነበር።

«እንደምን ዋሉ እትዬ?»

«ደህና ነኝ የኔ ልጅ። ዛሬ ምን ሆናችሁ ነው? ያቺኛዋም ከንፈሯን ጥላ ገባች። ከኋላ ናት፣ እለፊ።»

ጉንጬ ኋለኛው ክፍል ውስጥ ከአንድ ሰፊ አንሶላ ጋር ትታገላለች። አንዱን ጫፍ ይዛ ሌላው ያመልጣታል። ቀጮን አየቻትና ወደ አንሶላዋ ተመለሰች። ቀጮ የወደቀውን ጫፍ አነሣች። ጉንጬ «ልቀቂ» አላለችም፤ አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም።

ወጠሩት። አጠፉት። አንሶላ ሲያጥፉ ታውቃላችሁ፣ በታጠፈ ቁጥር ሁለቱ ሰዎች ይቀራረባሉ። በመጀመሪያው እጥፋት ቀጮ «አንቺ አይደለሽም» አለች። በሁለተኛው «አክስቴ ናት» አለች። ከዚያ ሁሉንም ነገረቻት፤ ባለክራቫቱን፣ ነጯን ነጥብ፣ አክስቷ አፈርኩ ያለችውን። ሲጨርሱ አንሶላው ትራስ አክሎ፣ እነሱ አፍንጫ ለአፍንጫ ቆመው ነበር።

«ነገ ክፍል ውስጥ መምህሩ ፊት እቆማለሁ» አለች ቀጮ። «ተሳስቻለሁ፣ ስሟንም አጥፍቻለሁ እላለሁ። ማን እንደሆነ ግን አልናገርም። እሱን ላንቺ ብቻ ነው የነገርኩሽ።»

ጉንጬ አንሶላውን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች። «እኔ ነገ ለሁሉም ባወራውስ? አክስትሽ አለቀላት ማለት እኮ ነው።»

«አዎ።»

«አትፈሪም?»

«እፈራለሁ።»

ጉንጬ ከንፈሯን ነከሰች፣ ዞር ብላ ከመደርደሪያው ጥግ አንድ ነገር አነሣች። ሮዝ፣ ዳሩ ክብ፣ ላዩ ላይ አበባ የታተመበት። መዳፏ ላይ አድርጋ ዘረጋችላት።

«እንኪ፣ ቅመሺ። አክስትሽ ትናንት ለእናቴ የላከችላት ኬክ ነው።»

ቀጮ አየችው። አክስቷ እንዲህ ዓይነት ትሠራለች። ላውንደሪው ውስጥ ደግሞ እንዲህ ዓይነት በየቦታው አለ። አሸተተችው፤ ክፍሉ በሙሉ የሚሸተው አንድ ሽታ ነው። የጉንጬን ፊት አየች፤ ጉንጬ ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም።

የቀጮ እጅ በራሱ ጊዜ ኪሷ ውስጥ ገባ። ስቴኪኒውን አገኘው። ጉንጬ እጁን አየችው፣ ጠበቀች።

እጁ ባዶውን ወጣ። ቀጮ ዓይኗን ጨፍና ገመጠች።

ሳሙና ነበር።

አላመጠችው። እንባዋ ግጥም አለ፣ አረፋው በከንፈሯ ጥግ መጣ፣ እሷ ግን አላመጠችው። ጉንጬ መጀመሪያ ጉንጮቿ ተነፉ። ከዚያ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለች፣ ያ የመንገድ ዳር ሳቋ መጣ፣ ቀጮም አረፋ እየተፋች አብራት ሳቀች፣ እናትየዋ «ምን ጉድ ነው ደግሞ?» እያለች ብቅ እስክትል ድረስ።

«ውሃ ላምጣልሽ?» አለች ጉንጬ፣ እንባዋን እየጠረገች።

«እውነተኛ ውሃ?»

«ነገ ክፍል ገብተሽ ከተናገርሽ በኋላ ታውቂዋለሽ» አለች ጉንጬ፣ ግን ውሃውን ልታመጣ ቀድማ ተነሥታ ነበር።

ይኸው ነው ልጆቼ። አሁን ተነሡ፣ ወንበሩም ወንበር ነበር። ሳሙና በያዛችሁ ጊዜ ያቺን ባዶዋን ከኪሷ የወጣች የቀጮን እጅ አንዳንዴ አስታውሱልኝ። አስታውሱልኝ ብቻ፤ አደራ፣ ሳሙናውን እንዳትቀምሱት።